ስለ አንዲት ሐ እና ነገ ከቆሻሻ ጋር እንዲጠፋ ስለታዘዘው ሕያው መዝገብ

አንኮበር፣ ረቡዕ ኅዳር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ዘርአ ዳዊት ወልደተንሣኤ
የደጋና ቆላ ትምህርት ቤቶች ማስረጃ ማዕከል ኀላፊ
ደብረ ብርሃን

ክቡር ሆይ፤

ይህ ደብዳቤ በሚደርስዎ ሰዓት እርስዎም ቤተ ሰብዎም በሙሉ ጤንነት እንድትገኙ፣ በተለይም የኅዳር ብርድ ደብረ ብርሃን ላይ በየስንጥቁ እየገባ ሰውን በሚፈትንበት በዚህ ወቅት ቢሮዎ ውስጥ ያለችው ማሞቂያ አንድም ቀን እንዳትከዳዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔም የሰባ ስድስት ዓመት ሴት ደኅና ልትሆን በምትችለው መጠን ደኅና ነኝ፤ ደሜ ብቻ ከጥቅምት አጋማሽ ወዲህ አልወርድ ብሎኛል።

ወደ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት ስለ ራሴ የሰማሁትን አንድ ወሬ ማረም ይገባኛል። ባለፈው ሳምንት ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በምመለስበት ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች፣ እኔ ከኋላቸው መኖሬን ሳያውቁ፣ «አንዲት አሮጊት ማስረጃ ማዕከሉ ገብታ ኮምፒዩተሩ ላይ ጠበል ረጭታ የሕዝቡን ማስረጃ ድራሹን አጠፋችው» እየተባባሉ ሲስቁ ሰማሁ። አንደኛው ወሬውን ከማዕከሉ ዘበኛ እንዳገኘው፣ ዘበኛውም ከኀላፊው አንደበት እንደ ሰማው ጨምሮ ተናገረ። መውረጃዬ ሲደርስ «አሮጊቷ እኔ ነኝ፤ ጠበል ያላችሁትም የደም ግፊት ክኒን የምውጥበት ውሃ ነው» ብያቸው ወረድሁ። ለእርስዎ ደግሞ በጽሑፍ አረጋግጣለሁ። ኮምፒዩተርዎ የተበላሸው ሰኞ ጥቅምት 4 ቀን፣ መብራት ጠፍቶ በኀይል በተመለሰበት ቅጽበት ነው። እኔ ደጅዎን የረገጥሁት ዓርብ ጥቅምት 15 ቀን ነው። ዐሥራ አንድ ቀን ወደ ኋላ ሄዶ የሚሠራ ጠበል በአንኮበር ምድር አላውቅም። እርስዎ የሚያውቁት ካለ እባክዎ ያመልክቱኝ፤ መጀመሪያ የምረጨው እርስዎ በተሾሙበት ቀን ላይ ነው።

ደብዳቤዬን ለሕዝብ ግልጽ ማድረጌም በድፍረት አይቆጠርብኝ። ሦስት ደብዳቤ በመዝገብ ቤትዎ በኩል አስገብቼ ሦስቱም «ገቢ ሆኗል» የሚል ማኅተም ተመትቶባቸው ገብተዋል፤ እስከ ዛሬም አልወጡም። ማኅተሙ ሰማያዊና ጥርት ያለ በመሆኑ ላመሰግንዎ እወዳለሁ። አራተኛው ደብዳቤ ግን ከገባበት እንዲወጣ ስለፈለግሁ ለሁሉም ሰው ጻፍሁት።

ለማያውቁኝ አንባቢዎች ማንነቴን ልናገር። ከአንኮበር በታች፣ ወደ አልዩ አምባ በሚያወርደው መንገድ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርሁ፤ መምህር ሲጎድል የቃል ጽሕፈትም አስተምር ነበር። ፊደል ያስቆጠሩኝ መሪጌታ ንጉሡን ሠ ከእሳቱ ሰ ጋር ለደባለቀ ልጅ ምሳ የሚከለክሉ ሰው ነበሩ። ከእሳቸው ቀጥሎ በአዳሪ ትምህርት ቤት የተቀበሉኝ መምህርት ደግሞ እራትም ይጨምሩበት ነበር። በዚህ ምክንያት በልጅነቴ ቀጭን ነበርሁ፤ ፊደል ግን አልተሳሳትሁም።

አሁን የሆነውን ከመነሻው ልተርከው፤ እርስዎ ቢያውቁትም ሌላው ሰው ጠበሉን ብቻ ነው የሰማው።

በ2014 ዓ.ም. ማዕከልዎ የዐሥራ አንድ ትምህርት ቤቶችን የተማሪ መዝገብ ሰብስቦ ወደ ኮምፒዩተር አስገባ። እኔ የጻፍኋቸው ሠላሳ አንዱ መዝገቦችም አብረው ገቡ። የአራት ሺህ ስድስት መቶ ዐሥራ ሁለት ሰዎች ስምና ውጤት ማለት ነው። ለሥራውም ስም የሚያወጣ ኮሚቴ ሲቋቋም ጡረተኛ ይኑርበት ተብሎ እኔ ተጠራሁ፤ «ህያው መዝገብ» የሚል ረቂቅ ቀረበልን። እጄን አውጥቼ፣ ሕያው የሚጻፈው በሐመሩ ሐ እንጂ በሃሌታው ሀ እንዳልሆነ አስረዳሁ። ኮሚቴው የምሳ ሰዓት ደርሶበት ስለነበር ተስማማ። ስሙም «ሕያው መዝገብ» ተብሎ በኮምፒዩተሩ ላይ ተጻፈ፤ በትልቅ ጨርቅም ታትሞ አዳራሹ ውስጥ ተሰቀለ። ዛሬም እዚያው ተሰቅሎ አለ።

ከዚያ በዚያው ዓመት ኅዳር 12 ቀን፣ በሽታ ይርቃል ተብሎ ሰው ሁሉ የግቢውን ቆሻሻ ጠራርጎ በሚያጥንበት ዕለት፣ የወረቀት መዝገቦቹ «ከእንግዲህ ቦታ ይይዛሉ» ተብለው ወደ ግቢው ወጥተው ተቃጠሉ። ከአጥሩ ውጭ ቆሜ አይቻለሁ። ያን ጊዜ ከእርስዎ በፊት የነበሩት ኀላፊ «አይዞዎት እማማ፣ ኮምፒዩተሩ ውስጥ አለ፤ ኮምፒዩተሩ ቢጠፋ እንኳ በየማታው ወደ ዲስክ የሚገለበጥ መጠባበቂያ ቅጂ አለ» ብለው አጽናኑኝ። እውነታቸውን ነበር። ቅጂው አለ። ዛሬም አለ። ቁጣዬ ሁሉ ከዚህች «አለ» ከምትባል ቃል የመጣ ነው።

ጥቅምት 4 ቀን ኮምፒዩተሩ በመብራቱ ሲመታ፣ የኮምፒዩተር ባለሙያዎ ወይዘሪት ሔራን በሁለት ቀን ውስጥ አድናው ወደ ሥራ መለሰችው፤ በውስጡ የጠፋው መዝገብ ከዲስኩ ቅጂ መመለስ ነበረበት። ቅጂውን የሚይዘው ፕሮግራም እንደገና ሲጫን ግን «የመዝገቡ ስም ማን ነው?» ብሎ ጠየቃት። እሷም በደንቡ መሠረት የጽሑፍ ትእዛዝ ጠየቀች። እርስዎም ጥቅምት 6 ቀን በፊርማዎና በማኅተምዎ «ህያው መዝገብ ተብሎ ይሰየም» ብለው አዘዙ፤ በሃሌታው ሀ። ልጅቱ እንደ ታዘዘችው አስገባች። ፕሮግራሙ ዲስኩን አገላብጦ በዚህ ስም የተቀመጠ አንድም ቅጂ እንደሌለ መለሰ። ሐቁን ነው። በዚህ ስም የተቀመጠ የለም። ያለው በሐመሩ ሐ ነው። ማሽኑ እንደ እኔና እንደ እርስዎ ፊደልን በድምፁ አያውቅም፤ በመልኩ ብቻ ነው የሚያውቀው። በዚህም ከመሪጌታዬ ጋር ይስማማል።

ይህን የደረስሁበት በምርምር አይደለም። ጥቅምት 15 ቀን አዳራሽዎ ውስጥ አራት ሰዓት ተኩል ስላስቀመጡኝ ነው። ሰው ያን ያህል ሲቀመጥ የተጻፈ ነገር ሁሉ ያነባል። ከላይ ጨርቁ ላይ ሕያው ይላል፤ ከሥር ኮምፒዩተሩ ላይ ህያው ይላል። ተነሥቼ ለሔራን አሳየኋት። ልጅቱ አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች አየች፤ ዲስኩንም ከፍታ «ሕያው መዝገብ፣ የመጨረሻ ቅጂ፣ ጥቅምት 3» የሚለውን ስታገኝ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ያለ አዲስ ትእዛዝ ስሙን መቀየር ስለማትችል ወደ ቢሮዎ ሮጣ ገባች። ስትመለስ ፊቷ ጠቁሯል። «‹ሁለቱም ሀ ናቸው፤ ያው ነው የሚነበቡት፤ የፈረምሁትን ደብዳቤ ለአንዲት ፊደል አልሽርም› አሉኝ፣ እማማ» አለችኝ።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን በክብርዎ ፊት በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ፦ ስለ ጁወይሪያ ፈረጅ። ወደ ደጅዎ ያመጣችኝ እሷ ናት። በ2000 ዓ.ም. ዐሥረኛ ክፍል ስትጨርስ የመዘገብኋት እኔ ነኝ። ዛሬ የሠላሳ አራት ዓመት ሴት፣ የሁለት ልጆች እናት ናት። በቆላው ጤና ጣቢያ ዐሥራ ሦስት ዓመት በጽዳት ሠርታለች። አዋላጅዋ በማትኖርበት ቀን ስንት ምጥ ይዛ እንዳደረች፣ ስንቷን እናት በቃሬዛ ዳገቱን ሽቅብ ተከትላ እንደወጣች የሰፈሩ ሴቶች ይንገሩዎት። በዚህ ዓመት ጤና ጣቢያው አዋላጅነት እንድትማር መርጧታል። ኮሌጁ የዘጠነኛና የዐሥረኛ ክፍል ማስረጃዋን ይፈልጋል፤ ምዝገባውም ከነገ ወዲያ፣ ዓርብ ኅዳር 13 ቀን ይዘጋል። በሚቀጥለው ዓመት ዕድሉ ለእሷ መድረሱን ማንም አያረጋግጥላትም።

ማዕከልዎ ለዚህች ሴት የሰጠው መልስ «ማስረጃሽ አልተገኘም» የሚል ነው። «አልተገኘም የሚለውን በደብዳቤ ስጡኝና ለኮሌጁ ላሳይ» ብትል፣ ደብዳቤው እንዲጻፍላት በቅድሚያ ተማሪ እንደነበረች የሚያሳይ ማስረጃ ከማዕከሉ እንድታመጣ ተነገራት። ይህን ዐረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ማንበብ ለሚፈልግ አንባቢ ጊዜ እሰጣለሁ። አባቷ ፈረጅ ማሽላውን ማሳ ላይ ጥሎ ዳገቱን ወጥቶ ቤቴ መጥቶ የነገረኝን ልጻፍልዎ፦ «ወላሂ፣ እትዬ፣ እኔ ራሴ በየሰኞው በበቅሎ አድርሼ የማወርዳትን ልጅ የለችም አሉኝ! ታዲያ ያን ሁሉ ዓመት ማንን ነው ሳመላልስ የኖርሁት?» እርስዎ መልስ ካለዎት ነገ ከእኔ ጋር ስለሚመጣ ይንገሩት።

እኔ ምስክር ልሁን ብዬም ነበር። ቁጥሯ 47 ነው። የሒሳብ ውጤቷ 81 ነው። ይህን ያስታወስሁት ብልህ ስለሆንሁ አይደለም፤ ስለተሳሳትሁ ነው። መጀመሪያ 18 ብዬ ጻፍሁት። ልጅቱ መጥታ «እትዬ፣ ተገልብጧል» አለችኝ፤ አፈርሁ፤ በአንድ መሥመር ሰርዤ 81 ብዬ ከላይ ጽፌ ፈረምሁበት። የማዕከልዎ ሠራተኛ ግን «የሰው ትዝታ ማስረጃ አይሆንም» አለኝ። ልክ ነው። መዝገብ የሚጻፈውም ለዚሁ ነበር።

2ኛ፦ ነገ ሊደረግ ስለታሰበው። ማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ «ህዳር 12 ቀን በሚደረገው የጽዳት ዘመቻ ከግቢው ቆሻሻ ጋር በዲስኩ ላይ ቦታ የያዙ፣ ምንነታቸው ያልታወቀ ፋይሎችም ይወገዳሉ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ኅዳርን በሃሌታው ሀ ስለመጻፍዎ ዛሬ አልከራከርም፤ ለሌላ ቀን አቆየዋለሁ። አዲሱ ባዶ መዝገብ ቅጂ መያዝ ሲፈልግ ዲስኩ ሞልቶበታል። የሞላው ደግሞ ምንነታቸው ባልታወቀ፣ ከእኔ መዝገቦች ብቻ አራት ሺህ ስድስት መቶ ዐሥራ ሁለት በሆኑ ሰዎች ነው። ምንነታቸውን እኔ ነግሬዎታለሁ፤ ሔራን ነግራዎታለች፤ ጨርቁ ከራስዎ በላይ ተሰቅሎ ይነግርዎታል። ባዶውን ለመጠበቅ ሙሉውን ማጥፋት ጽዳት ከተባለ፣ የአንድን ቤት ሰው አስወጥቶ ገድሎ ወለሉን መወልወልም ጽዳት ነው። ወረቀቱን በኅዳር 12 አቃጠላችሁት። ቅጂውን በኅዳር 12 ልታጠፉት ነው። ከዚህ በኋላ የሚቀረው የእኔ ጭንቅላት ብቻ ነው፤ እሱም እንዳልሁት ማስረጃ አይሆንም፤ ብዙም አይቆይም።

3ኛ፦ ጥፋቱ የእኔ ነው ስለመባሉ። «መጀመሪያውኑ አሮጊቷ በሐመሩ ይጻፍ ብላ ባታስቸግር ኖሮ ሁለቱም በሃሌታው ይሆኑ ነበር፤ ፕሮግራሙም ያገኘው ነበር» ማለትዎ ደርሶኛል። ክቡር ሆይ፤ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ እርስዎ ትክክል የሆኑበት አንድ ቦታ ስላለ በአግባቡ ልመስክርልዎ። እውነት ነው። ያን ቀን እጄን ባላወጣ ኖሮ ጁወይሪያ ወረቀቷን ይዛ ሄዳ ነበር። ይህን ሳስብ ሁለት ቀን እህል አልበላሁም፤ መሪጌታዬም ከሞቱ ከስንት ዘመን በኋላ እንደገና ምሳ ከለከሉኝ። ግን አስቤ አስቤ እዚህ ደረስሁ፦ በትክክል መጻፌ ልጅቱን አልጎዳትም። የጎዳት ስሕተቱ ሲታይ ለማየት እምቢ ያለው ሰው ነው። እኔ 18 ብዬ የጻፍሁ ቀን ያው ነው ልላት እችል ነበር፤ ሁለቱም ቁጥሮች አንድና ስምንት ናቸውና።

4ኛ፦ ~~~~ ይህን ቅሬታ ጽፌው ነበር፤ ለአንዲት የዕድሜ ባለጸጋ የማይገቡ ሁለት ቃላት ስለነበሩበት ሰርዤዋለሁ። ቁጥሩን ግን ትቼዋለሁ፤ በመዝገብ ሥራ የተሰጠ ቁጥር አይሰረዝም።

5ኛ፦ «ያው ነው» ስለሚለው አነጋገርዎ። በ1984 ዓ.ም. አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ልጆች ነበሩን፤ አንዷ ሠናይት ተሾመ፣ ሁለተኛዋ ሰናይት ተሾመ። የሚለያቸው ንጉሡና እሳቱ ብቻ ነበር። አንዷ በማዕረግ አለፈች፤ አንዷ ሙሉ በሙሉ ወደቀች። ያው ነው ብል ኖሮ የወደቀችው ዛሬ ሐኪም ሆና እርስዎን ትወጋዎት ነበር፤ አንዳንድ ጊዜ ባደረግሁት የሚያሰኘኝ ቀን አለ። በበርዎ ላይ ስምዎ «ወልደተንሳኤ» ተብሎ በእሳቱ ሰ መጻፉንም አይቻለሁ። እኔ በዚህ ደብዳቤ በንጉሡ ሠ ጽፌዋለሁ፤ ነገ ሹማምንትን በስማቸው የሚፈልግ ማሽን ቢመጣ «በዚህ ስም የተሾመ ሰው የለም» ብሎ ከዲስኩ ላይ እንዳያጠፋዎ ፈርቼ ነው።

ክቡር ሆይ፤ የምጠይቅዎ ትንሽ ነገር ነው። ሔራን ስሙን ብታስተካክል ፕሮግራሙ ቅጂዎቹን በአንድ ሰዓት ውስጥ አግኝቶ መዝገቡን ወደ ቦታው እንደሚመልስ ነግራዎታለች። ለዚያም አዲስ ደብዳቤ፣ አዲስ ቁጥር፣ የመሻሪያ ቃለ ጉባኤ አያስፈልግም። እኛ መዝገብ ቤት ስንሳሳት የምናደርገውን ያድርጉ። ህ ላይ አንድ ቀጥ ያለ መሥመር ያስምሩ፤ ከበላይዋ ሕ ብለው ይጻፉ፤ አጠገቧ ይፈርሙ። መሥመሩ አንድ ብቻ መሆኑ ምክንያት አለው። ስሕተቱ ከሥር እንዲነበብ ነው። ደምስሶ የሚያርም ሰው ምን እንደ ደበቀ አይታወቅም፤ በአንድ መሥመር ያረመ ሰው ግን ተሳስቶ እንደነበርና እንደታረመ ሁለቱንም ያሳያል፤ እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ስሠራ አንድም ሰው ንቆኝ አያውቅም።

በመጨረሻም ምስጋና ይገባል። አራት ሰዓት ተኩል ሙሉ ስላስቀመጡኝ አመሰግናለሁ፤ አንድ ሰዓት ብቻ ቢሆን ኖሮ ጨርቁን አንብቤ ኮምፒዩተሩ ሳይደርሰኝ እወጣ ነበር። ኅዳር 12ን ስለመረጡልንም አመሰግናለሁ፤ ጢሱ ሲነሣ የሕዝብ ዐይን እንባ ቢያወጣ ምክንያቱን የሚጠይቅ አይኖርም። ወይዘሪት ሔራንን ግን እንዳይነኩብኝ። ልጅቱ የሰጡዋትን ፊደል ሳትጨምር ሳትቀንስ አስገብታለች፤ ቢሮዎ ውስጥ ፊደል በጥንቃቄ የሚያነብ ሰው እሷና ማሽኑ ብቻ ናቸው።

የክብርዎን ከፍታ፣ የማኅተምዎን ጥራትና የበርዎን ጥብቀት ዘወትር የማስብ፣ በጡረታ ላይ ብሆንም ከሥራዬ ያልወጣሁ፣

ይርጋለም ወልደአረጋይ
(የቀድሞ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ከነፊርማዬ)

ግልባጭ፦
ለወይዘሪት ሔራን፤ ከአክብሮት ጋር
ለአቶ ፈረጅ፤ ለሚያነብለት ሰው
ለአራት ሺህ ስድስት መቶ ዐሥራ ሁለቱ፤ ምንነታቸው ለማይታወቀው

በኋላ የታሰበ፦ ድንገት ደርሼ እንዳላስደነግጥዎ ነገ ጠዋት መጀመሪያ የማደርጋቸውን አስቀድሜ ላሳውቅ። ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነሥቼ ሚካኤልን ከደጁ እሳለማለሁ፤ ዓመታዊ በዓሉ ቢሆንም ቅዳሴውን አላስጨርስም፤ ጉዳዩን ነግሬዋለሁና ይቅር ይለኛል። ክኒኔን እቤቴ ውጬ እነሣለሁ። በመጀመሪያው ሚኒባስ ከጁወይሪያና ከአባቷ ጋር ተሳፍሬ በርዎ ሲከፈት እደርሳለሁ። የውሃ ጠርሙሴን ለዘበኛው በደረሰኝ አስረክባለሁ፤ ወሬው ቀን ይኑረው። ማንም ክብሪት ሳይጭር፣ ማንም ዲስኩን ሳይነካ፣ ወንበር ስቤ ከኮምፒዩተሩ ፊት እቀመጣለሁ። ከዚያም የጥቅምት 6ቱን ትእዛዝዎን ጠረጴዛዎ ላይ ዘርግቼ፣ ቀይ እስክርቢቶዬን ከፍቼ አቀብልዎታለሁ። እጅዎ አልታዘዝ ቢልዎ አይፈሩ፤ ይዤ አስጽፍዎታለሁ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ከእርስዎ የባሰ እጅ ያላቸው ሁለት ልጆች ገጥመውኛል፤ ሁለቱም ሐ መጻፍ ችለዋል።